ምስጋናው ለፈጣሪ፣ መልሱ ለእኔ

ይህን የምጽፈው ቆሜ ነው። ብዙ ከተቀመጥኩ ግራ እግሬ ከዳሌዬ ጀምሮ እስከ ትንሿ ጣቴ ይነዝረኛል። ስለዚህ ባለቤቴ መሪጌታ ልሳኑ መጽሐፍ የሚዘረጋበትን አትሮንስ ለቀቀልኝ። "ዳዊት ሲደገምበት የኖረ አትሮንስ ነው፤ ሐሜት እንዳትጽፊበት" ብሎኛል። ሐሜት የሌለበትን የሥራ ትዝታ ማን እንደሚያነብ እንጃ። ቢሆንም እጠነቀቃለሁ።

ስሜ የሺ ነው፤ መካነ ሰላም ውስጥ ግን "ሲስተር" ካላሉ የሚያውቀኝ የለም። በነርስነት ከኩታበር ጀምሬ፣ ደጎሎንና ማሻን ዞሬ፣ በመጨረሻ እዚሁ ተወልጄ ባደግኩበት ከተማ ሠርቼ ጡረታ ወጣሁ። የጡረታ ወረቀት ጉዳይ እንዴት እንዳመላለሰኝ አላነሳም፤ የደረሰበት ያውቀዋል። የማነሳው ወገብን ነው። ሰው ነርስ ሲባል ወሊድና ክትባት ይመስለዋል። በእኛ አገር ጤና ጣቢያ በር ላይ ግን ወገቡን በሁለት እጁ ይዞ የቆመ ሰው ያልታየበት ቀን አላስታውስም። ዳገቱ፣ እርሻው፣ ሸክሙ፣ የጾም ስግደቱ፣ ሁሉም የሚያርፈው ወገብ ላይ ነው።

ሥራ የጀመርኩት ኩታበር ነው። እዚያ ጋሽ ሰይድ የሚባሉ ጤና ረዳት ነበሩ፤ ከነጭ ጋዋናቸው በላይ ጋቢ የሚደርቡ፣ ረጅም፣ ቀጭን ሰው። መርፌ ስቼ ሳፍር "አብሽሪ" ይሉኛል። ደመወዝ ሲዘገይም "አብሽሪ" ነው። ስለ በሽተኛ ሲሆን ግን አብሽሪ የሚባል ነገር አልነበረም።

የመጀመሪያውን የወገብ በሽተኛ ስቀበል ሰውዬው ገና ወንበሩ ላይ ሳያርፍ ጥያቄዬን አዘነብኩበት። ጋሽ ሰይድ እጄን ያዙ። "አስነሽው" አሉኝ። "የተቀመጠ ሰው ግማሹን በሽታውን ሸሽጎ ነው የሚቀመጥ።" ሰውዬውን ከበር እስከ ግድግዳው አስኬዱት። በተረከዙ ብቻ ሂድ አሉት፤ ቀጥሎ በጣቶቹ ብቻ። በጀርባው አስተኝተው እግሩን ሳይታጠፍ ቀስ እያሉ ወደ ላይ አነሱት፤ ዓይናቸው ግን እግሩ ላይ ሳይሆን ፊቱ ላይ ነበር። የጤና ጣቢያውን ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው በቁልፉ ጀርባ የውስጥ እግሩን ጫሩት። ቁራጭ ጥጥ አንስተው "ስነካህ ንገረኝ" እያሉ በሱሪው ላይ ሳይሆን በገላው ላይ ከጉልበቱ ወደ ላይ ሄዱ።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ከበሽተኛው ጋር ሚስት፣ ወንድም፣ ጎረቤት ተከትለውት ገብተው ነበር። ጋሽ ሰይድ ወደ እነሱ ዞሩና "ውሃ አምጡልኝ" አሉ። ሁሉም ተጋፍተው ወጡ። በሩን ዘጉና የሰውዬውን ጆሮ ተጠግተው "ሽንትህስ? ይወርዳል? ሲመጣ ይታወቅሃል?" ብለው ጠየቁት።

ሰውዬው ዓይኑን ጣሪያ ላይ ሰቅሎ "እግዚአብሔር ይመስገን" አለ።

"ምስጋናው ለፈጣሪ ነው" አሉት ጋሽ ሰይድ፤ "መልሱ ለእኔ ነው።"

ሰውዬው ሳቅ አመለጠውና መልሱን ሰጠ፤ ደህና ነበር። ውሃው መጣ። ጋሽ ሰይድ አመስግነው ጥግ አስቀመጡት። እዚያ በቆየሁበት ዘመን ሁሉ ያ ውሃ ለአንዳች ነገር ሲውል አላየሁም።

ኋላ ሻይ ስንጠጣ አስረዱኝ። ወገብ ይዞ እግር ላይ የሚወርደው የነርቭ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ ቤት ውስጥ በእንክብካቤና በትዕግሥት ይለቃል። ነገር ግን መቀመጫው ከደነዘዘ፣ ሽንቱ እምቢ ካለ፣ ወይ ሳይታወቅ ከተንጠባጠበ፣ ነርቮቹ ታንቀዋል ማለት ነው። ያን ጊዜ ሰው በዕለቱ ቀዶ ሕክምና ወዳለበት ካልተላከ እግሩም ሽንቱም ላይመለሱ ይችላሉ። "እኛ አገር ደግሞ ክርስቲያኑ 'ይመስገን'፣ እስላሙ 'አልሀምዱሊላህ' ብሎ ይዘጋሻል" አሉኝ። "ደግ ልማድ ነው፤ ወላሂ ደግ ነው። አንቺ ግን ከምስጋናው በስተጀርባ ያለውን ሳትሰሚ እንዳትነሺ።"

ከኩታበር ወደ ደጎሎ ተዛወርኩ። የደጎሎ ሜዳ የገብስና የስንዴ አገር ነው፤ ለወገብ በሽተኛ ለመራመድ የሚመች መሬት እንዳለው የገባኝ ጋሽ አበጋዝ የሚባሉ ገበሬ ሲመጡ ነው። እኒህ ሰው ወገባቸውን ልጆቻቸውን ሲያስረግጡ፣ በቅቤ ሲያሳሹ፣ በመጨረሻም በጋለ ብረት ሲያስተኩሱ ከርመዋል። ጀርባቸው ላይ የተኮሱበት ጠባሳ እንደ በሬ ምልክት ተደርድሯል። መረመርኳቸው፤ ውሃ ብዬ ሰው አስወጥቼ ጠየቅኳቸው፤ የሚያሰጋ ነገር የለም። ያለውን ማስታገሻ ሰጥቼ እንዳይተኙ፣ ዝቅ ያለ በርጩማ ላይ እንዳይቀመጡ፣ ጠዋትና ማታ በሜዳው ላይ ቀስ ብለው እንዲሄዱ ነገርኳቸው።

"የት?" አሉኝ።

"የትም። ዝም ብለው ይሂዱ።"

"አንቺ ልጅ፣ በእኛ አገር ያለ ጉዳይ የሚሄድ ወይ እብድ ነው ወይ ከብት የጠፋበት ነው።"

ከሁለቱ የሚሻለውን መረጡ። ጎረቤት የት ይሄዳሉ ሲላቸው "በሬ ጠፍቶኝ" ይላሉ። መቼም የሰው ከብት ጠፍቶ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ነውር ነው፤ መንደሩ በሙሉ ፍለጋ ወጣ። አንዳንዱ ሸለቆ ድረስ ወርዶ ተመለሰ። በመጨረሻ አንዱ በረታቸውን ከፍቶ ቢያይ ጠፋ የተባለው ዳለቻ ቆሞ ያመሰኳል። ጋሽ አበጋዝ ሊጮሁብኝ ጤና ጣቢያ ድረስ በእግራቸው መጡ፤ "አዋረድሽኝ!" አሉኝ ቀጥ ብለው ቆመው። ቀጥ ብለው መቆማቸውን ያየነው ሁለታችንም እኩል ነው። እኔ ሳቅኩ፤ እሳቸው ትንሽ ቆይተው ሳቁ።

ማሻ ላይ ግን አልሳቅኩም።

ወደ ማሻ የሄድኩት መሪጌታን ካገባሁ በኋላ ነው። አለቃዬ ሪፖርት ከበሽተኛ አብልጦ የሚወድ ሰው ነበር፤ እሱን እዚሁ ላይ ልተወው። ከከተማው ወጣ ብሎ ገደል አፋፍ ላይ ያለ ደብር አለ። የደብሩ ካህን ቄስ አስማረ ወገባቸው ተይዞ ከቤት መውጣት ስላቃታቸው ሚስታቸው ወይዘሮ እታገኝ ጤና ጣቢያ መጥተው ይዘውኝ ሄዱ። የደብሩ ንግሥ ደርሶ ነበር፤ ቤቱ በሰው ተሞልቷል። ዲያቆናቱ፣ የንስሐ ልጆቻቸው፣ ዘመድ አዝማድ፣ ሁሉም መደቡ ላይ ተደርድሯል።

ቄስ አስማረ ተነስተው ሊቀበሉኝ ሞከሩ። በተረከዝ ይቁሙ ብላቸው ቀኝ እግራቸው ከዳቸው። እንደተማርኩት ዞር ብዬ "ውሃ አምጡልኝ" አልኩ። አንዲት ልጃገረድ ቅል ይዛ ወጣች። ሌላው ንቅንቅ አላለም። ለውሃ አንድ ሰው ይበቃል። ጋሽ ሰይድ ሲሉት ወንድ ከወንድ ጋር ነበር፤ ሽማግሌም ነበሩ። እኔ ወጣት ሴት ነኝ፣ በሽተኛዬ ካህን ናቸው። ያንን ቤት ጥሎልን የሚወጣ የለም።

"እስቲ ውጡልን" አልኩ ደፍሬ።

"ምን የምናፍርበት አለ?" አሉ አንድ አዛውንት። "አባታችን እኮ ናቸው፤ እኛ ልጆቻቸው ነን።"

ቄሱም "ተያቸው ልጄ" አሉ።

ድምፄን ዝቅ አድርጌ "አባታችን፣ ሽንትዎስ?" አልኩ። ዝቅ ብሎም ተሰማ። ዲያቆናቱ አንገታቸውን ደፉ። ቄስ አስማረ ፈገግ ብለው "እግዚአብሔር ይመስገን" አሉ።

"መልሱን ይንገሩኝ።"

"ነገርኩሽ እኮ። እግዚአብሔር ይመስገን። ዲዳ አላደረገኝ።" ሰዉ ሳቀ። ጥጡን ይዤ በጭኖቻቸው መካከል ይደንዝዝ አይደንዝዝ ማየት ነበረብኝ፤ በዚያ ቤት፣ በዚያ ሁሉ ዓይን ፊት፣ ያንን የምታደርግ ሴት አልተፈጠረችም። የእግራቸውን መክዳት ብቻ ምክንያት አድርጌ ዛሬውኑ ደሴ ይሂዱ ብዬ ለመንኩ፤ የመላኪያ ወረቀቱን ጽፌ እጃቸው ላይ አኖርኩ። "ንግሡ ይለፍ" አሉ። "ታቦቱ ሳይወጣ የት እሄዳለሁ?"

ንግሡን ቀደሱ። ሕዝቡ ሲያወራ፣ በመቋሚያ ተደግፈው፣ ላባቸው እየወረደ፣ ድምፃቸው እንዲያ አምሮ አያውቅም ነበር አሉ። በማግስቱ ሁለቱም እግሮቻቸው አልታዘዝ አሏቸው። ሰው በቃሬዛ ተሸክሞ ማሻ አደረሳቸው። ጨርቃቸውን ስገልጥ ሁሉንም አየሁ፤ ሆዳቸው ከእምብርት በታች እንደ እርጉዝ ተነፍቶ፣ በጭናቸው መካከል ወይዘሮ እታገኝ ያሰሩላቸው እጥፍጥፍ ያለ የነጠላ ቁራጭ ነበር። የሽንት ቱቦ ሳስገባ አልታወቃቸውም። ደሴ ቢደርሱም ጊዜው አልፎ ነበር።

ሚስታቸው ኋላ ነገሩኝ። እኔ ቤታቸው ስሄድ ሽንታቸው ማስቸገር ጀምሮ ነበር። ካህን ሽንቱ ከተንጠባጠበ መቅደስ መግባት የለበትም። ይህንን ለእኔ ቢናገሩ በዚያ ሁሉ የንስሐ ልጅ ፊት መናገራቸው ነው፤ ከነገው ቅዳሴ መቅረታቸው ነው። ስለዚህ ውሃ መጠጣት አቆሙ። ብርጭቆ ሲቀርብላቸው በእጃቸው ገፋ ያደርጉት ነበር አሉ ወይዘሮ እታገኝ። "እኔ ጾም ጠንቶባቸው መስሎኝ" አሉና አለቀሱ።

ከወራት በኋላ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ደጃቸው ላይ ፀሐይ ይሞቁ ነበር፤ ከወገባቸው በታች ጋቢ ተሸፍነዋል። ምን ብዬ እንደምጀምር ሳላውቅ እሳቸው ጀመሩ። "ልጄ፣ አትቃጠዪ። ብቻችንን ብንሆንም አልነግርሽም ነበር። አንዲት ጠብታ መቅደስ አላስገባሁም።" ይህን ሲሉ ፊታቸው ላይ ኩራት ነበር። እኔን ለማጽናናት ያሉት መሰለኝ። እየተናደድኩ ተመለስኩ። በእሳቸው ነው የተናደድኩት፤ ለሽንት ብሎ እግር የሚሰጥ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው እያልኩ።

ያን ዕለት ማታ ለመሪጌታ ሁሉንም ነገርኩት። ጋሽ ሰይድን፣ ውሃውን፣ "መልሱ ለእኔ"ን፣ የተገፋውን ብርጭቆ። መሪጌታ ዓይን አፋር ነው። ቅኔ ሲዘርፍ አደባባይ አይበቃውም፤ ከወገብ በታች ያለውን የሰው ገላ ግን በስሙ ጠርቶ አያውቅም። እኔ ሽንት ባልኩ ቁጥር ጉሮሮውን እየጠረገ አዳመጠኝ። ሰምቶኛል ብዬ አላሰብኩም።

እንግዲህ ወደ እኔ ወገብ ልምጣ። ጡረታ ልወጣ ጥቂት ሲቀረኝ አንዲት በሽተኛ ከቃሬዛ ወደ አልጋ ስናዛውር ተንሸራተተችብኝ፤ እንዳትወድቅ ጎንበስ እንዳልኩ ያዝኳት። ወገቤ ውስጥ አንድ ነገር ተበጠሰ መሰለኝ። መሸኛ ድግሱ ላይ ንግግር ሲደረግልኝ እኔ የማስበው ከወንበሩ እንዴት እንደምነሳ ነበር።

ቤት ገባሁ። ስንቱን ስመክር የኖርኩትን ለራሴ መከርኩ። ከአልጋ ስነሳ መጀመሪያ በጎኔ ዞሬ፣ እግሬን አውርጄ፣ በክንዴ ገፍቼ ነው። ስተኛ ትራስ በጉልበቶቼ መካከል አደርጋለሁ፤ ሕመሙ ሲብስ ወለል ላይ በጀርባዬ ተኝቼ እግሮቼን ወንበር ላይ እሰቅላለሁ። ሙቅ ውሃ በፕላስቲክ ሞልቼ በፎጣ ጠቅልዬ ወገቤ ሥር አኖራለሁ። ከቤት እስከ አጥሩ በር፣ ከአጥሩ በር እስከ ቤት እሄዳለሁ። ጎረቤቶቼ ግን "ሲስተር፣ በሬ ጠፋብሽ?" አላሉኝም፤ ጋሽ አበጋዝ ታወሱኝና ብቻዬን ሳቅኩ። ስስቅ ሕመሙ እግሬ ላይ እንደ እሳት ወረደ። ማስነጠስ እፈራ ነበር። ጫማ የሚያስርልኝ መሪጌታ ነበር፤ ጎንበስ ብሎ "እግር ማጠብስ የጸሎተ ሐሙስ ነበር፤ አንቺ በየቀኑ አደረግሽው" ይለኛል። ጸበልም አመጣልኝ፣ እምነትም ቀባኝ፣ ክኒኔንም በሰዓቱ ሰጠኝ። አንዱን ከአንዱ አላጣላም።

ቤታችን ጠያቂ አልተለየውም። እኔ ስንቱን አስታምሜ! ድንች ይዛ የምትመጣ፣ ወተት ይዛ የምትመጣ፣ ባዶ እጇን መጥታ ብዙ የምታወራ። ሁሉም "እንዴት ነሽ?" ይላል። "እግዚአብሔር ይመስገን" እላለሁ። ሌላ ምን ይባላል?

በጸጥታው ምክንያት መንገድ በሚዘጋበትና በሚከፈትበት ሰሞን ነበር። መኪና አንድ ቀን ይወጣል፣ አንድ ሳምንት ይቆማል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከተኛሁበት ተነስቼ አልጋው ጫፍ ላይ አረፍ አልኩ። መቀመጫዬ የራሴ ሳይሆን የሌላ ሰው ገላ መሰለኝ። በጣቴ ነካሁት፤ ጣቴ ገላዬን ያውቀዋል፣ ገላዬ ጣቴን አያውቀውም። ሽንት ቤት ሄድኩ። ጠበቅኩ፤ የለም። በተረከዜ ልቁም ብል የግራ እግሬ ጫፍ እንደ ረጠበ ጨርቅ ተንጠለጠለ።

ምን እንደሆነ ከእኔ በላይ የሚያውቅ በዚያ ከተማ ጥቂት ነው። ያን ጊዜውኑ መጮህ ነበረብኝ። አልጮህኩም።

ለምን እንደሆነ ልናገር፤ ስለዚህ ነውና የምጽፈው። ፈራሁ። የደሴን መንገድ ፈራሁ፣ ቢላዋውን ፈራሁ። ከሁሉ በላይ ግን አፈርኩ። ለስንቱ ያስገባሁትን ቱቦ እኔ ላይ ሲያስገቡት ታየኝ። የማውቃቸው ልጆች፣ እኔ ያለማመድኳቸው፣ ቀሚሴን ሲገልጡ ታየኝ። "ነገ ይሻለኛል፤ ደግሞም መንገዱ ይከፈታል ተብሏል" አልኩ ለራሴ። ቄስ አስማረ "ንግሡ ይለፍ" ያሉት ይኸው ነው። ለካ ሊያጽናኑኝ አልነበረም። እውነታቸውን ነበር፤ ብቻችንን ብንሆንም አይነግሩኝም ነበር።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ቤቱ በጠያቂ ሞላ። መሪጌታ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ ገባ። አንዲት ጎረቤቴ ውሃ በብርጭቆ አቀበለችኝ፤ በእጄ ገፋ አደረግኩት። ማድረጌንም አላወቅኩም። ቀና ስል መሪጌታ ብርጭቆውን እያየ ነው። መቋሚያውን እንደያዘ ቆሞ ቀረ።

"ውሃ አምጡልኝ" አለ።

"ውሃማ ይኸው!" አለች ጎረቤቴ ብርጭቆዋን እያሳየች።

"አይ፣ የምንጭ ውሃ። ከታች ከምንጩ።"

አንዷ ጀሪካን አንስታ ወጣች። ሌሎቹ አልተነቃነቁም። መሪጌታ ዞሮ አያቸው። "ሁላችሁም" አለ።

"ምነው መሪጌታ፣ ድግስ አለ እንዴ?"

"ሁላችሁም፣ ሁላችሁም! በየቤታችሁ ያለውን ጀሪካን ሁሉ ይዛችሁ!" እንዲህ ጮሆ አያውቅም። ሴቶቹ እየተያዩ ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። "ሲስተርን እያስታመመ ራሱ ታመመ" ሲሉ ከበር ውጭ ሰማሁ።

በሩን ዘጋ። አጠገቤ መጣ። ዓይኑን ግን ግድግዳው ላይ ተከለ፤ አንገቱ ድረስ ቀልቶ ነበር።

"የሺዬ" አለ፤ "ሽ... ሽንትሽስ?"

ይህን ሁሉ ዘመን አብረን ኖረን ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ስሰማ መጀመሪያዬ ነው። እኔስ ምን አልኩ?

"እግዚአብሔር ይመስገን።"

ዓይኑን ከግድግዳው አንስቶ አየኝ። "ምስጋናው ለእሱ ነው" አለኝ። "መልሱ ለእኔ ነው።"

አለቀስኩ። "ከትናንት ጀምሮ የለም" አልኩት። "መቀመጫዬ ደንዝዟል። ልሳኑ፣ ፈርቻለሁ።" በሰው ፊት "እርስዎ" ነው የምለው፤ በስሙ የጠራሁት በስንት ዘመኔ ነው። እሱ ግን ከዚያ ወዲያ ለመስማትም አልቆመ፤ ራሱ ላይ ሻሹን እያስተካከለ ወጥቶ ሮጠ።

አምቡላንሱ ምጥ የጠናባት ሴት ይዞ ሄዷል። ጤና ጣቢያ የነበሩት ልጆች ደርሰው ቱቦውን አስገቡልኝ፤ እንደፈራሁት ቀሚሴን ገለጡ፣ እንደፈራሁት አልሆነም። አንዷ እያለቀሰች በደንብ ሠራችው። የጎረቤት ሚኒባስ ወንበሩ ተነቅሎ ፍራሽ ተነጠፈበት። ሹፌሩ "መንገዱ ዝግ ነው እየተባለ ነው፤ ኬላ ላይ ቢመልሱንስ?" አለ። መሪጌታ "ንዳው" አለው።

የመጀመሪያው ኬላ ላይ መኪናው ቆመ። ፍራሹ ላይ በጎኔ ተኝቼ የማየው የጣሪያውን ዝገት ብቻ ነው። መመለስ ነው፣ ማለፍ አይቻልም ሲሉ እሰማለሁ። ቀጥሎ የመሪጌታ ድምፅ መጣ፤ ያ ማኅሌት ላይ የለመድኩት ድምፅ። "ሚስቴ ሽንት እምቢ ብሏታል! ሽንቷ ቆሟል! መቀመጫዋ ደንዝዟል! ዛሬ ደሴ ካልገባች እግሯ አይመለስም!" አንድ የወጣት ድምፅ "ኧረ ይለፉ፣ አባቴ፣ ይለፉ" አለ። የሚቀጥለው ኬላ ላይም ያንኑ ጮኸ። ከዚያ የሚቀጥለውም ላይ። አቀስታ ስንደርስ ጉም ወርዶ መንገዱ አይታይም፤ ሹፌሩ መስኮት ከፍቶ አንገቱን አውጥቶ ይነዳል፤ ቅዝቃዜው አጥንት ይሰብራል። መሪጌታ ጋቢውን አልብሶኝ ራሱ በነጠላ ይንቀጠቀጣል። ድምፁ ዘግቶ ነበር። "ነገ ማኅሌት መቆምህ ቀረ" አልኩት። "ዛሬ ቆሜያለሁ" አለኝ በሹክሹክታ።

ደሴ ደረስን፤ በዕለቱም ቀዶ ሕክምናው ተደረገልኝ። ሐኪሙ ምንም ቃል አልገባልኝም፤ እኔም ቃል እንዲገባ አልጠየቅኩትም፤ ይህ ነገር ቃል የማይገባበት መሆኑን አውቃለሁ። ቀኑ አለፈ፣ ሌላም ቀን አለፈ። ቱቦው የወጣ ዕለት አንዲት ነርስ ይዛኝ ሽንት ቤት ገባሁ። ብዙ ጠበቅኩ። ከዚያ ታወቀኝ፤ ትንሽ ነገር ናት፣ ሰው በየቀኑ ሳያመሰግንባት የሚኖራት። እዚያው እንደተቀመጥኩ "እግዚአብሔር ይመስገን" አልኩ። በዕድሜዬ ምስጋናውም መልሱም አንድ የሆነው ያን ቀን ነው።

ወደ ቤት ስንመለስ ደጃችን ላይ ውሃ የሞሉ ጀሪካኖች ከበሩ እስከ አጥሩ ተደርድረው ጠበቁን። ቢጫው፣ ነጩ፣ ክዳኑ የጠፋው በጨርቅ የተወተፈው። ጎረቤቶቼ ከምንጩ ሲመለሱ ቤቱን ዝግ አግኝተው እዚያው አስቀምጠውት ሄደዋል። ለምን እንደተላኩ እስካሁን አያውቁም፤ አንዳቸውም ጀሪካናቸውን አልጠየቁም ነበር፤ መሪጌታ ደግሞ ቢፈልግስ ብለው።

የግራ እግሬ ጫፍ አሁንም ሙሉ በሙሉ አይታዘዝም። የምሄደው በመሪጌታ መቋሚያ ነው፤ አትሮንሱንም መቋሚያውንም ወስጄበታለሁ። ጠዋት ጠዋት ወደ ቤተ ክርስቲያን ከመሄዱ በፊት በሩ ላይ ቆሞ "እንዴት አደርሽ?" ይለኛል።

"እግዚአብሔር ይመስገን" እላለሁ።

አይሄድም። መቋሚያውን ስለወሰድኩበት መቃኑን ተደግፎ ይቆማል፤ መልሱን እስክነግረው ይጠብቃል።